በኬረላ የአዩርቬዳ ሕክምና ለመግባት፦ ከውሳኔው እስከ ማገገሚያው ድረስ ያለ ዝርዝር መመሪያ

ስለ አዩርቬዳ ማዕከላት የሚሠራጩ ማስታወቂያዎች በአብዛኛው የሚያሳዩት የኮኮናት ዛፍ፣ የረጋ ውኃና በግንባሯ ላይ ሞቅ ያለ ዘይት የሚንቆረቆርላትን ሴት ነው። ሕክምናውን በባህላዊው ሥርዓት የሚሰጥ ቦታ የገባ ሰው ግን ቀኑን የሚያሳልፈው ጎህ ሲቀድ በሚጠጣ መራራ መድኃኒት፣ በሩዝ አጥሚት፣ በዘይት በራሰ ሰውነት፣ በረጅም ጸጥታና በጊዜ በመተኛት ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው በደቡብ ምዕራብ ሕንድ በምትገኘው የኬረላ ግዛት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ለመቆየት ለሚያስብ ሰው ሲሆን፣ ከመነሣቱ በፊት፣ በቆይታው ጊዜና ከተመለሰ በኋላ ማድረግ የሚገባውን በየተራው ያስረዳል። ጠበል ለመጠመቅ ሱባዔ ይዞ የሚያውቅ ሰው የቆይታውን መንፈስ ለመረዳት አይቸገርም፤ እዚያም ምግቡ፣ እንቅልፉና ንግግሩ ሳይቀር በልክ ነው።

አዩርቬዳ የሚለው ስም በሳንስክሪት ሕይወት እና ዕውቀት ከሚሉ ሁለት ቃላት የተገኘ ነው። ትምህርቱ ሰውነትን የሚያስተዳድሩት ቫታ፣ ፒታ እና ካፋ የሚባሉ ሦስት ኃይሎች ናቸው ይላል። ቫታ ከእንቅስቃሴና ከድርቀት፣ ፒታ ከሙቀትና ከምግብ መፈጨት፣ ካፋ ከክብደትና ከእርጥበት ጋር የሚያያዙ ሲሆን፣ ሕመም የሚመጣው የእነዚህ ሚዛን ሲዛባ ነው ተብሎ ይታመናል። ይህ አገላለጽ ዘመናዊው ሕክምና ሰውነትን ከሚያስረዳበት መንገድ የተለየ ስለሆነ፣ አንባቢው የአንዱን ቃል በሌላው እየተረጎመ እንዳይሳሳት እመክራለሁ። ኬረላ በዚህ ሙያ ስሟ የገነነው አሽታቫይድያ የሚባሉ የሐኪም ቤተሰቦች ዕውቀቱን ከአባት ወደ ልጅ እያስተላለፉ ስላቆዩትና በኋላም ተቋማት ስለተገነቡለት ነው። በዋና ከተማዋ በቲሩቫናንታፑራም የሚገኘው የመንግሥት የአዩርቬዳ ኮሌጅ በ1889 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ፤ ፒ. ኤስ. ቫሪየር የተባሉ ሐኪም ደግሞ በ1902 እ.ኤ.አ. በኮታካል ከተማ አርያ ቫይድያ ሳላ የተባለውን ድርጅት መሥርተው፣ ቀድሞ በየቤቱ ይፈላ የነበረውን መድኃኒት አዘጋጅቶ በማቅረብ ሙያውን ከቤተሰብ ግቢ ወደ ሰፊው ሕዝብ አወጡት።

የመጀመሪያው ሥራ፦ ለምን እንደሚሄዱ መወሰን

ወደ ኬረላ የሚጎርፉት ሰዎች በብዛት የቆየ የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ከአንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ ወይም መርጋት በኋላ የቀረ የአካል ድካም፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ የሆድ ዕቃ መታወክና ሥር የሰደደ ድካም ያለባቸው ናቸው። እንዲህ ላለው ሕመም ዕረፍቱ፣ ሙቀቱ፣ መታሸቱና የተመጠነው ምግብ አንድ ላይ ሆነው ሲያሳርፉ ይታያል። ነገር ግን ካንሰርን፣ ሳንባ ነቀርሳን፣ ኤችአይቪን፣ የኩላሊት መድከምን ወይም የጠበበ የልብ ደም ሥርን «ከሥሩ እንነቅላለን» የሚል ማንኛውም ቦታ፣ ስሙ የቱንም ያህል የተከበረ ቢሆን፣ ሊርቁት የሚገባ ቦታ ነው።

ስለዚህ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ዘወትር የሚከታተልዎትን ሐኪም ያማክሩ። የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የኩላሊት፣ የጉበትና የደም ቅባት ምርመራ፣ ዕድሜዎ ከ50 በላይ ከሆነ ወይም የልብ ሕመም ካለብዎ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ያድርጉ፤ ውጤቱንም በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይያዙት። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በስሙና በመጠኑ ይመዝግቡ። የሐሞት ጠጠር ያለበት ሰው ይህን በተለይ መናገር አለበት፤ ምክንያቱም ኋላ እንደሚገለጸው በርካታ ቀናት በባዶ ሆድ ቅቤ መጠጣት የሕክምናው አካል ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ቅባት ደግሞ የሐሞት ከረጢትን አስጨንቆ ከባድ ሕመም ሊቀሰቅስ ይችላል። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ለማንጻት ሕክምና ልትገባ አይገባም። ትኩሳት፣ ያልተረጋጋ የልብ ሕመም ወይም ያልተገራ የደም ግፊት ያለበት ሰውም እስኪሻለው ይጠብቅ።

ሁለተኛው ሥራ፦ ቦታውን መምረጥ

ከሁሉም ርምጃዎች ብዙ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው፤ የቆይታው መልካምነትም ሆነ ጉዳቱ በአብዛኛው የሚወሰነው እዚህ ላይ ነውና። በኬረላ የሚታከሙባቸው ቦታዎች በሦስት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ የመንግሥት ሆስፒታሎችና የምርምር ተቋማት ናቸው፤ በትሪሹር አውራጃ በቼሩቱሩቲ የሚገኘው ብሔራዊ የፓንቻካርማ፣ ማለትም ሰውነትን የማንጻት ሕክምና፣ ምርምር ተቋም ከእነዚህ አንዱ ነው። ዋጋቸው ዝቅተኛ፣ ሐኪሞቻቸው ልምድ ያካበቱ፣ ክፍሎቻቸው ግን ቀላልና ተራቸውም ረጅም ነው። ሁለተኛዎቹ እንደ ኮታካሉ ያሉ ነባር ሆስፒታሎችና በሐኪም ቤተሰቦች የሚመሩ ትናንሽ ማዕከላት ናቸው። ሦስተኛዎቹ በባሕር ዳርቻና በሐይቆች ዙሪያ የተሠሩ የመዝናኛ ሆቴሎች ሲሆኑ፣ ከእነርሱም መካከል በቁም ነገር የሚያክሙ አሉ፣ ዘይት ቀብቶ ከማሸት የማያልፉም አሉ። የእኔ ምርጫ ሁለተኛው ወገን ነው። ሐኪሙ በግቢው ውስጥ ወይም በቅርብ ይኖራል፣ ታካሚውን በየቀኑ ያየዋል፣ መድኃኒቱም ከየት እንደመጣ ይታወቃል።

ለመረጡት ቦታ ሲጽፉ ወይም ሲደውሉ በቅድሚያ የሚጠይቁት ስለ ክፍሉ ሳይሆን ስለ ሐኪሙ ይሁን። በሕንድ የአዩርቬዳ ሐኪም ለመሆን የአንድ ዓመት የሥራ ልምምድን ጨምሮ አምስት ዓመት ተኩል የሚወስድ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት አለ፤ ሐኪሙ ይህን መጨረሱንና መመዝገቡን መጠየቅ እንደ ነውር አይቆጠርም። በየቀኑ የሚያየኝ እርሱ ነው ወይስ ሌላ ሰው? የሕክምናው ዕቅድ የሚወጣው ከተመረመርኩ በኋላ ነው ወይስ አስቀድሞ በታተመ ዝርዝር? መድኃኒቱን የሚያዘጋጀው ማን ነው? ዘይቱ ለእያንዳንዱ ታካሚ አዲስ ነው? ሕክምናው ካልተስማማኝና ካቋረጥኩ ገንዘቤ ምን ይሆናል? ሳያዩዎት «የ7 ቀን ፓንቻካርማ፣ እንዲህ እንዲህ ያሉ ሕክምናዎችን ያካትታል» ብሎ የሚልክልዎ ቦታ ሕመምዎን ሳያውቅ መድኃኒት እንዳዘዘልዎ ይቁጠሩት። የሦስት ቀን ፓንቻካርማ የሚባል ነገርም የለም፤ ለዝግጅቱ ብቻ ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ ያስፈልጋል።

የኬረላ የቱሪዝም መሥሪያ ቤት ለአዩርቬዳ ማዕከላት ለብዙ ዓመታት «አረንጓዴ ቅጠል» እና «የወይራ ቅጠል» የሚባሉ የደረጃ ምልክቶችን ሲሰጥ ቆይቷል። ለሆስፒታሎችም ብሔራዊ የጥራት ዕውቅና አለ። እነዚህ ምልክቶች ንጽሕናንና የሠራተኛን ብቃት በተመለከተ አንድ ነገር ይናገራሉ፤ ሐኪሙ ለእርስዎ ሕመም ተስማሚ መሆኑን ግን የሚያረጋግጥልዎ ከእርሱ ጋር የሚያደርጉት ንግግር ነው።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ብዙ ሰው ይዘነጋዋል፦ የልብና የአንጎል ድንገተኛ ሕመም የሚያክም ዘመናዊ ሆስፒታል ከማዕከሉ ስንት ደቂቃ ይርቃል? የኬንያ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ራይላ ኦዲንጋ ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ያረፉት በኬረላ ለአዩርቬዳ ሕክምና ተቀምጠው ሳለ፣ በጠዋት የእግር ጉዞ ላይ ልባቸው በድንገት ቆሞ ነው። የ80 ዓመት ሰው ልብ የትም ሊቆም ይችላልና ይህን ሕክምናውን ለመክሰስ አላነሣሁትም። ወላጆቹን ወደዚያ የሚልክ ሰው ግን የአምቡላንሱንና የሆስፒታሉን ነገር አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ሦስተኛው ሥራ፦ ጊዜውን መምረጥ

በኬረላ ልማድ ለሕክምና የተመረጠው ወቅት ክረምቱ ነው። የደቡብ ምዕራቡ ዝናብ በአብዛኛው በግንቦት መጨረሻ ሳምንት፣ ማለትም በፈረንጆቹ ሰኔ መግቢያ ላይ ይጀምራል፤ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ አቧራው ይጠፋል፣ ሰውነትም ዘይቱን ይበልጥ ይቀበላል ይባላል። ከዚህ ሁሉ የሚከበረው ካርኪዳካም የሚባለው ወር ሲሆን፣ ከሐምሌ 10 ገደማ እስከ ነሐሴ 10 ገደማ ይዘልቃል። በዚህ ወር የአገሬው ሰው ራሱ በየቤቱ በዕፀዋት የተቀመመ የሩዝ አጥሚት እየጠጣ ሰውነቱን ያድሳል። በአንጻሩ ከየካቲት እስከ ግንቦት አጋማሽ ያለው ጊዜ ወበቅ የበዛበት ነው።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ግን ቀን ሲመርጡ ሌላም የሚያሰሉት ነገር አላቸው። ምግቡ ከሥጋ ነጻ ቢሆንም ሕክምናው በቅቤና በወተት የተሞላ ነው፤ የሚጠጣው ቅቤ ነው፣ ብዙ መድኃኒት በቅቤ ይነጠራል፣ ሩዙም አንዳንዴ በወተት ይቀቀላል። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ቀን ይፈታል፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ቀን ይገባል፤ ስለዚህ ከካርኪዳካም ጋር የሚገጥመው የፍስክ ጊዜ ሃያ ቀን ያህል ብቻ ሲሆን፣ በውስጡም ረቡዕና ዓርብ አሉ። ከዚህ የተሻለው ፋሲካ በሚዘገይበት ዓመት የሚገኘው ጊዜ ነው። ለምሳሌ በ2019 ዓ.ም. ትንሣኤ የሚውለው ሚያዝያ 24 ቀን በመሆኑ፣ በዓለ ሃምሳ እስከ ሰኔ 13 ድረስ ይዘልቃል፤ ዝናቡ እንደ ልማዱ በግንቦት መጨረሻ ከገባ፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምባቸው ሃያ ቀናት ያህል ከተመረጠው ወቅት ጋር ይገጥማሉ። ይህ ካልተመቸ ከጥቅምት አንሥቶ የነቢያት ጾም እስከሚገባበት እስከ ኅዳር 14 ያለው ጊዜም መልካም ነው። በጾም መካከል መሄድ ግድ የሆነበት ሰው ከነፍስ አባቱ ጋር ይነጋገር፤ ሐኪሙንም በቅቤው ፋንታ በሰሊጥ ዘይት የተዘጋጀ መድኃኒት መስጠት ይቻል እንደሆነ ይጠይቀው፤ በትምህርቱ ዘይትም ከሚጠጡት ቅባቶች አንዱ ነውና።

ሙስሊም አንባቢዎች ከረመዳን ሌላ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። አሪሽታም እና አሳቫም የሚባሉት መድኃኒቶች ተብላልተው የሚዘጋጁ ስለሆኑ በራሳቸው አልኮል ያፈራሉ። ይህን የማይወስድ ሰው በመጀመሪያው ቀን ከተናገረ፣ ሐኪሙ በውኃ የፈላውን ካሻያም ወይም እንክብል ሊያዝለት ይችላል። ከመጠጥ ሱስ የወጣ ሰውም እንዲሁ ያድርግ።

አራተኛው ሥራ፦ ሰነድና ጉዞ

ሕንድ ለአዩርቬዳና ለመሰል ሕክምናዎች የሚሆን የተለየ የቪዛ ዓይነት በ2023 እ.ኤ.አ. አውጥታለች። ለመታከም የሚሄድ ሰው ዓላማውን በግልጽ ቢናገር ይሻለዋል፤ የትኛው ዓይነት ለያዙት ፓስፖርት እንደሚሆን የሕንድ ኤምባሲን ይጠይቁ፣ ከማዕከሉም የመቀበያ ደብዳቤ ያስጽፉ። ከኢትዮጵያ የሚነሣ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል፤ ክትባቱ የሚጸናው ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ በመሆኑ በመጨረሻው ሳምንት የሚወሰድ ክትባት አያገለግልም፣ ወረቀቱን ያልያዘ ሰውም በአየር ማረፊያ ተለይቶ እንዲቆይ ሊደረግ ይችላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሙምባይና ዴልሂ ይበርራል፤ ከዚያ በአገር ውስጥ በረራ ወደ ኮቺ ወይም ወደ ቲሩቫናንታፑራም ይደረሳል። በዱባይ፣ በዶሃና በሌሎች የባሕረ ሰላጤው ከተሞች የሚኖሩ ወገኖች በቀጥታ ወደ ኮቺ መብረር ስለሚችሉ መንገዱ ይቀልላቸዋል።

ልብስን በተመለከተ አሮጌ፣ ሰፊና የጥጥ ልብስ ይያዙ። ዘይቱ ከጨርቅ ጨርሶ አይለቅም። የማያንሸራትት ነጠላ ጫማ ይያዙ፣ ምክንያቱም በዘይት የረጠበ ወለል ላይ መውደቅ ከሚደርሱ አደጋዎች ሁሉ በጣም ተራው ነው።

አምስተኛው ሥራ፦ በቤት መዘጋጀት

ለእኛ ሰው ትልቁ ዝግጅት ቡና ነው። በብዙ ማዕከሎች ቡናና ሻይ ይከለከላሉ፤ በቀን ሦስት ሲኒ የለመደ ሰው በድንገት ሲያቋርጥ ራስ ምታቱ ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ባለው ጊዜ ይጀምራል፣ በሁለተኛው ቀን ይበረታል፣ እስከ ዘጠኝ ቀንም ሊቆይ ይችላል። ብዙዎች ይህን ሕመም «መርዙ እየወጣ ነው» ብለው ሲያስረዱት ይሰማል፤ ነገሩ ግን የቡና ሱስ ነው። ስለዚህ ከጉዞው ሁለት ሳምንት አስቀድመው በየሦስት ቀኑ አንድ ሲኒ ይቀንሱ። በርበሬውን፣ ጥሬ ሥጋውን፣ መጠጡንና ሲጋራውንም በዚያው መጠን ይተዉ፤ እራትን ወደ ምሽቱ አንድ ሰዓት ያምጡት። የሚወስዱትን የሐኪም መድኃኒት ግን ለመንጻት ብለው በራስዎ ፈቃድ እንዳያቋርጡ።

ስድስተኛው ሥራ፦ የመጀመሪያው ምርመራ

ሐኪሙ የልብ ትርታዎን በሦስት ጣት ይዞ ያዳምጣል፣ ምላስዎንና ዓይንዎን ያያል፣ ሆድዎን ይዳስሳል፤ ከዚያ ስለ ሰገራዎ፣ ስለ ሽንትዎ፣ ስለ ምግብ ፍላጎትዎ፣ ስለ እንቅልፍዎ፣ ስለ ወር አበባ፣ ስለ ቁጣዎና ስለ ሐዘንዎ ሳይቀር ይጠይቃል። በእኛ ዘንድ ስለ ሰገራ በዝርዝር መናገር ያሳፍራል፤ እዚህ ግን መድኃኒቱ የሚመጠነው በዚህ መልስ ነውና ሳያፍሩ እውነቱን ይናገሩ። በእጅዎ ያለውን የምርመራ ውጤትና የመድኃኒት ዝርዝር በዚህ ሰዓት ያቅርቡ። ሐኪሙ ወረቀቱን ሳያነብ ወደ ጎን ካደረገው ወይም የስኳርና የግፊት መድኃኒትዎን በመጀመሪያው ቀን እንዲጥሉ ካዘዘዎ፣ ያን ቦታ ለቀው መሄድን በቁም ነገር ያስቡበት። ጥሩ ሐኪም መድኃኒትዎን ይዘው እንዲቀጥሉ አድርጎ፣ የእርሱን ከእርስዎ ጋር ያስማማል።

እዚህ ላይ ከባሕር ማዶ መጥቶ ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ሊያፍርባቸው የማይገቡ ሦስት ጥያቄዎች አሉ፦ ይህ መድኃኒት ምን ምን አለበት? ለምን ተሰጠኝ? ማዕድን ወይም ብረት የተቀላቀለበት ነው? የአዩርቬዳ አንዱ ዘርፍ ባዜቃን (ሜርኩሪን) እና ሌሎች ብረቶችን እያቃጠለ ወደ መድኃኒት የሚለውጥ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት በኢንተርኔት ተገዝተው ከተመረመሩ 193 የአዩርቬዳ ምርቶች አንድ አምስተኛው እርሳስ፣ ባዜቃ ወይም አርሴኒክ እንደተገኘበት አሳይቷል፤ ብረት ሆን ተብሎ በሚገባባቸው መድኃኒቶች ላይ ድርሻው ከዚያም ይበልጥ ነበር። ስለዚህ የዕፀዋት መድኃኒት ብቻ እንደሚወስዱ አስቀድመው ይናገሩ። ከዕፀዋቱም መካከል ጣፋጭ ሥሩ ለመድኃኒት የሚውለው ወልመት በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የደም ግፊትን እንደሚያንር ግፊት ያለበት ሰው ይወቅ።

ሰባተኛው ሥራ፦ ከቀኑ ሥርዓት ጋር መኖር

ቀኑ የሚጀምረው ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት ነው። በባዶ ሆድ የሚጠጣው ካሻያም መራራና ጥቁር ሲሆን፣ የሬትን ምሬት የሚያውቅ ሰው አይደነግጥም። ከዚያ ወደ ሕክምና ክፍል ይገባሉ። ክፍሉ ውስጥ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የተሠራ ድሮኒ የሚባል ረጅም ገበታ አለ፤ ታካሚው ወገቡን በቀጭን ጨርቅ ብቻ አገልድሞ ይተኛበታል። በኬረላ ሥርዓት ሴትን የሚያክሙት ሴቶች፣ ወንድን የሚያክሙት ወንዶች ናቸው። ከዚህ የተለየ ነገር ቢቀርብልዎ እምቢ የማለት መብት አለዎት፤ ሥርዓቱም ከእርስዎ ጋር ነው።

ሁለት አካሚዎች በግራና በቀኝ ቆመው በአንድ ልክ ያሻሉ፤ እንደ ወጌሻ እጅ የሚያሳምም አይደለም፣ ረጅምና የተረጋጋ ነው። እንደ ሕመሙ ዓይነት ሌሎች ሕክምናዎች ይታዘዛሉ። ፒዚቺል በሚባለው፣ ሞቅ ያለ ዘይት በጨርቅ እየተነከረ ለአንድ ሰዓት ያህል በመላው ሰውነት ላይ ይጨመቃል። ኛቫራኪዚ በሚባለው ደግሞ ኛቫራ የተባለ በስድሳ ቀን የሚደርስ የኬረላ ሩዝ ከወተትና ከዕፅ ሥር ጋር ተቀቅሎ በጨርቅ ይቋጠርና ሰውነት ይታሽበታል፤ የደከመ ጡንቻ ላለው ሰው የሚሰጥ ነው። ሺሮዳራ ከፍ ብሎ ከተንጠለጠለ ዕቃ ቀጭን የዘይት ጅረት ለግማሽ ሰዓት ወይም ለዚያ ጥቂት ለሚበልጥ ጊዜ በግንባር ላይ የሚወርድበት ሲሆን፣ እንቅልፍ ላጡ ሰዎች ይታዘዛል። ዘይቱ ካቃጠለዎ ወዲያውኑ ይናገሩ፤ መታገሥ የሕክምናው አካል አይደለም። ጸጉርዎን የተሠሩ ከሆነ ከጉዞው በፊት ይፍቱት፤ ዘይቱ በየቀኑ ራስ ቆዳ ድረስ ይገባልና። ራስን ቅቤ ተቀብቶ መዋል በእኛም አገር የታወቀ በመሆኑ ለኢትዮጵያውያት ይህ ክፍል ከሌላው ይልቅ ቤተኛ ነው።

ከዚያ በኋላ በማሾ ዱቄት ዘይቱ ይታጠባል፣ በአናት ላይ እርጥበት የሚያደርቅ የዕፅ ዱቄት ይደረጋል። ምግቡ ሩዝ፣ ማሾ፣ የተቀቀለ አትክልትና ኮኮናት ሲሆን፣ የሚጠጣው ከሙን ወይም ዝንጅብል የፈላበት ሙቅ ውኃ ነው። ቀን ላይ መተኛት አብዛኛውን ጊዜ ይከለከላል፤ ከዘይቱ በኋላ እንቅልፍ የሚጥል ስለሆነ ይህ ከሚጠበቀው በላይ ይከብዳል። ፀሐይ፣ ነፋስ፣ ቀዝቃዛ ውኃና ብዙ ወሬም ይከለከላሉ። ስልክዎን በቀን አንድ ጊዜ ብቻ እንዲከፍቱ እመክራለሁ፤ ቤተሰብዎም ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ አይሠጋም።

ስምንተኛው ሥራ፦ የማንጻቱ ቀናት

ፓንቻካርማ ማለት አምስት ሥራዎች ማለት ነው። እነርሱም ማስታወክ፣ ማስቀመጥ፣ በፊንጢጣ የሚሰጥ መድኃኒት፣ በአፍንጫ የሚንጠባጠብ ዘይት እና በአልቅት ወይም በሌላ መንገድ ደም ማውጣት ናቸው፤ አንዳንድ መምህራን በመጨረሻው ፋንታ በፊንጢጣ የሚሰጠውን በሁለት ከፍለው ይቆጥሩታል። አምስቱም ለአንድ ሰው አይሰጡም። ብዙውን ጊዜ የሚታዘዘው ማስቀመጡና በፊንጢጣ የሚሰጠው ነው፤ ማስታወክ የሚታዘዝለት ሰው ካለ ሐኪሙ አጠገቡ ሊቀመጥ ይገባል።

ከማስቀመጡ በፊት ስኔሃፓና የሚባል ዝግጅት አለ። ከሦስት እስከ ሰባት ቀን በየማለዳው በዕፅ የተቀመመ ንጥር ቅቤ ይጠጣል፤ መጠኑ በትንሹ ተጀምሮ በየቀኑ ይጨምራል። የእኛ ንጥር ቅቤ የሚመገቡት ወጥ ማጣፈጫ ስለሆነ ነገሩ ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ይህኛው ግን መራራ ነው፣ በባዶ ሆድ ይጠጣል፣ እውነተኛ ረሃብ እስኪመለስም ከሙቅ ውኃ በቀር ምንም አይቀመስም። አፍንጫን ይዞ በአንድ ትንፋሽ መጠጣትና ወዲያው ሙቅ ውኃ ማስከተል ይረዳል። ማቅለሽለሽ፣ ራስ መክበድና ስንፍና የተለመዱ ናቸው። ከቀኝ ጎድን ሥር የሚወጋ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት ወይም የዓይን ቢጫ መሆን ከታየ ግን ቅቤው ይቁም፣ ዘመናዊ ሐኪምም ይይዎት።

ቅቤው ሲበቃ አንድ ሁለት ቀን በመታሸትና በእንፋሎት ያልቡዎታል፤ ወሽባ የገባ ሰው ሁኔታውን ያውቀዋል። ቀጥሎ የማስቀመጫው መድኃኒት በማለዳ ይሰጣል። ኮሶ ይጠጡ የነበሩ አያቶቻችን ያን ቀን ከቤት እንደማይወጡ ሁሉ፣ እርስዎም ከክፍልዎ አይራቁ፤ ሙቅ ውኃ በየጊዜው ይጠጡ፣ የወጡበትን ብዛት ይቁጠሩ፣ ለሐኪሙ ይንገሩ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው በዚህ ቀን ሳይበላ መድኃኒቱን እንደ ወትሮው ቢወስድ ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል፤ ሽንት የሚያበዛ የግፊት መድኃኒት የሚወስድም ውኃው አልቆ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ የዕለቱ መጠን አስቀድሞ ከሐኪም ጋር ይወሰን፣ የስኳር መለኪያም ከአጠገብ አይጥፋ። የሚጥል በሽታ መድኃኒትና የወሊድ መከላከያ እንክብል በተቅማጥ ምክንያት ወደ ደም ሳይገቡ ሊወጡ እንደሚችሉም መታወቅ አለበት። ማዞር፣ ደም የተቀላቀለበት ሰገራ፣ የልብ መምታት መዛባት ወይም የአእምሮ መደናገር ከታየ ነገሩ የመንጻት ምልክት ነው የሚል ማብራሪያ አይቀበሉ፤ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

በማግስቱ የሚሰጠው ቀጭን የሩዝ ውኃ ነው። ቀጥሎ ወፈር ያለ አጥሚት፣ ከዚያ ሩዝ ከማሾ ጋር፣ በመጨረሻም የተለመደው ምግብ ይመለሳል፤ ይህም እንደ ማስቀመጡ ብርታት ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ይወስዳል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ተሽሎኛል ብሎ ከግቢ ወጥቶ የተጠበሰ ይበላል፣ ሆዱም ይታወካል። ከአጠቃላዩ ሕክምና ይህን ያህል የሚበላሽ ክፍል የለምና የመመለሻ ትኬትዎን ከማስቀመጡ ቀን ቢያንስ አንድ ሳምንት አርቀው ይቁረጡ።

ዘጠነኛው ሥራ፦ መመለስና ማገገም

በኬረላ ልማድ ከሕክምናው በኋላ ሕክምናው የወሰደውን ያህል ቀን በጥንቃቄ መቀመጥ አለ፤ በግዛቲቱ ቋንቋ በማላያላም ናሊሪካ ይሉታል። ለ14 ቀን የታከመ 14 ቀን ከከባድ ሥራ፣ ከሩጫ፣ ከመጠጥ፣ ከሌሊት ሥራና ከከባድ ምግብ ይታቀባል ማለት ነው። ከአውሮፕላን ወርዶ በማግስቱ ወደ ሥራ ለሚገባ ሰው ይህ የማይቻል ቢመስልም፣ የዓመት ዕረፍት ሲጠይቁ ቢያንስ ተጨማሪ አንድ ሳምንት ያካትቱ። ወዳጅ ዘመድ እንኳን ደህና መጣህ ብሎ ዶሮ ወጥ ሠርቶ ሲጠራ እምቢ ማለት ከባድ ስለሆነ፣ የመመለሻ ቀንዎን ለቅርብ ሰው ብቻ ቢነግሩ ይቀልልዎታል።

ሲወጡ ሐኪሙ የሰጠዎትን ሕክምና ሁሉ፣ የመድኃኒቱን ስምና መጠን ጨምሮ፣ በጽሑፍ ይቀበሉ። ለቤት የሚሰጡትን መድኃኒቶች ብዛት ይወስኑ፤ ከሁለት ወይም ከሦስት ዓይነት የሚበልጥ ከሆነ ለየትኛው ሕመም እንደሆነ አንድ በአንድ ይጠይቁ። የታሸገ፣ የአምራቹ ስም፣ የተመረተበት ቀንና የያዘው ነገር የተጻፈበት ብቻ ይያዙ፤ ዘይቱን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ በላስቲክ ጠቅልለው ያስቀምጡ። በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በአሜሪካ የሚኖሩ ሰዎች የጉምሩኩን የመድኃኒት ሕግ አስቀድመው ይጠይቁ።

ቤትዎ ከደረሱ በኋላ ወደ ቀድሞ ሐኪምዎ ይመለሱ፤ የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራውን ይድገሙ፣ የአዩርቬዳ እንክብል ለሳምንታት የወሰዱ ከሆነም በደም ውስጥ ያለውን የእርሳስ መጠን ማስለካት ይቻል እንደሆነ ይጠይቁት። የማገገሚያው ቀን ሲያልቅ የተዉትን ምግብ አንድ በአንድ፣ በሁለትና በሦስት ቀን ልዩነት ይመልሱ፦ መጀመሪያ እንጀራውን በአልጫ፣ ቀጥሎ በርበሬውን፣ ከሁሉም በኋላ ቡናውን። የትኛው ሆድዎን እንደሚያውክ፣ የትኛው እንቅልፍዎን እንደሚወስድ የሚለየው በዚህ መንገድ ነው።